የመንደሩን ደን ማን ይጠብቀው? ከዐጅሉን የኦክ ደን የምንወስደው ትምህርት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ባለፈው ሐሙስ ከዒሻ በኋላ በነበረን ደርስ መጨረሻ ላይ ከወሎ የመጣ አንድ የሁለተኛ ዓመት ወንድማችን እጁን አወጣ። «በመንደራችን መቃብር ዙሪያ የቆየ የጽድና የወይራ ደን አለ። አያቶቻችን ነክተውት አያውቁም። አሁን የመድረሳው ጣሪያ ያፈስሳል፤ ገንዘብም የለም። አንድ የእንጨት ነጋዴ መጥቶ ደኑን ልግዛችሁ ብሏል። ከወጣቶቹ ገሚሱ ‹ዛፉ ምን ያደርግልናል? ልጆች ቁርኣን የሚቀሩበት ቤት ይበልጣል› ይላል። ሌሎቹ ደግሞ ‹ሰው ዛፉ ሥር ቡና እያፈላ ይለማመናል፤ ቢቆረጥ ለተውሒድም ይጠቅማል› ይላሉ። ሽማግሌዎቹ ‹እኛ በሕይወት እያለን አይነካም› ብለዋል። ለረመዷን አገር ቤት ስገባ እኔም ሐሳቤን እንድሰጥ ይጠብቁኛል። ምን ልበላቸው?» አለን።

በዚያ ምሽት አጥጋቢ መልስ አልሰጠነውም። አንዱ «አትቁረጡ በላቸው» አለ፤ ሌላው «መድረሳ ይቀድማል» አለ፤ ሰዓቱም አለቀ። ጥያቄው ግን የብዙዎቻችን ጥያቄ ነው። ከየመጣንበት ቀበሌ በመቃብር፣ በመስጂድ ወይም በምንጭ ዙሪያ የቀረች አንዲት ጥግ ደን የማያውቅ ጥቂት ነው። ስለዚህ የዚህን እትም ትምህርት ለዚሁ ጥያቄ ሰጥተነዋል። መልሱን ከሩቅ እንጀምረዋለን፤ ደናቸውን ሊያጡ ደርሰው ከነበሩና ዛሬ ከሚኮሩበት የሙስሊም መንደሮች።

፩. የሲንዲያን ኮረብታዎች

ዐጅሉን ከዮርዳኖስ ዋና ከተማ ከዐማን በስተሰሜን የሚገኝ ኮረብታማ አካባቢ ነው። ዮርዳኖስ አብዛኛው መሬቷ በረሃ ነው። በደን የተሸፈነው ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ከዚያች ትንሽ ድርሻ ጥሩ የሚባለው ደን የሚገኘው በእነዚህ ኮረብታዎች ላይ ነው። የታሪክ ተማሪዎች አካባቢውን በቤተ መንግሥቱ ሳይሆን በምሽጉ ያውቁታል፤ የሶላሑዲን አል-አዩቢ የጦር አዛዥ የነበረው ዒዘዲን ኡሳማ እ.ኤ.አ በ1184 ገደማ የገነባው የዐጅሉን ምሽግ ዛሬም ደኑን ቁልቁል እያየ ቆሟል።

የደኑ ዋና ዛፍ ኦክ ነው። ዐረቦች ዛፉንም ፍሬውንም በጥቅሉ «በሉጥ» ይሉታል። በዐጅሉን የሚበዛውን፣ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉን የማያራግፈውን ዓይነት ደግሞ «ሲንዲያን» ብለው ይጠሩታል። ከእሱ ጋር የኸሩብ፣ የዱር ፒስታቺዮና ቅርፊቱ ቀላ ያለው የቀይቀብ ዛፍ አብረው ይበቅላሉ። ኦክ በአገራችን በተፈጥሮ አይበቅልም። በየግቢያችን የምናየው ግራቪሊያ በእንግሊዝኛ ስሙ ውስጥ «ኦክ» የሚል ቃል ቢኖርበትም ከአውስትራሊያ የመጣ ሌላ ዛፍ ነው፤ ዝምድና የላቸውም። ሲንዲያን ለዐጅሉን ሰው ምን እንደሆነ ለመረዳት የሚፈልግ ደገኛ ጽድን፣ ወይራንና ዝግባን ያስብ።

የዛፉ አስተዳደግ ራሱ ትምህርት አለው። የኦክ ፍሬ መሬት ሲነካ መጀመሪያ የሚያወጣው ቅጠል ሳይሆን ሥር ነው። ሥሩ ወደታች ጠልቆ ውኃ ካገኘ በኋላ ነው ትንሿ ቡቃያ ብቅ የምትለው። ከዚያም ለዓመታት ያደገ የማይመስል፣ ፍየል በአንድ ጉርሻ የምትጨርሰው ቁጥቋጦ ሆኖ ይቆያል። ሌላም ነገር አለ። ፍሬው ከደረቀ አይበቅልም። እንደ ስንዴ በጎተራ አስቀምጦ ከዓመታት በኋላ መዝራት አይቻልም፤ በአፈር ውስጥም ለረጅም ጊዜ ተኝቶ አይቆይም። ስለዚህ እናት ዛፎቹ ካለቁ አፈሩ ውስጥ የተደበቀ ተስፋ የለም። በእኛም ደጋ አገር ከሚበቅሉት አገር በቀል ዛፎች የብዙዎቹ ዘር አፈር ውስጥ ዘመናት የሚቆይ አይደለም። «ብንቆርጠው ደግሞ ራሱ ይበቅላል» የሚለው አነጋገር ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ደኑ ለመንደሮቹ የሚሰጠው ትልቁ ነገር ግን እንጨት አይደለም፤ ውኃ ነው። የዐጅሉን ኮረብታ የኖራ ድንጋይ ነው። በክረምት የሚወርደው ዝናብ በቅጠሉ ላይ ተሰባብሮ፣ መሬት ላይ በተነጠፈው የረገፈ ቅጠል ተጠጥቶ፣ ቀስ ብሎ በድንጋዩ ስንጥቅ ይሰርጋል፤ ከታች በሸለቆው ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ዑርጃን፣ ራሶንና ባዑን የሚባሉት መንደሮች የወይራ፣ የሮማንና የበለስ እርሻቸውን የሚያጠጡት ከእነዚህ ምንጮች ነው። ደኑ ሲነሣ ግን ያው ዝናብ አፈሩን ይዞ በጎርፍ ይወርዳል፤ ምንጩም በበጋ ይሳሳል። ይህንን ለመረዳት ወደ ዮርዳኖስ መሄድ አያስፈልግም። ክረምት በገባ ቁጥር ደለል ተሸክሞ የሚወርደውን የአገራችንን ወንዝ ማየት ይበቃል።

፪. ደኑ እንዴት ተመናመነ? እንዴትስ ተረፈ?

የዮርዳኖስ ኦክ ለብዙ ዘመን ለከሰል፣ ለማገዶና ለእርሻ ዕቃ ሲቆረጥ ኖሯል። በታሪክ ውስጥ ግን አንድ ልብ የሚነካ ነገር አለ። ከደማስቆ እስከ መዲና የተዘረጋው የሒጃዝ የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ ከ1900 እስከ 1908 ተሠራ። ሐጃጆችን ከግመል ጉዞ ድካም ለማሳረፍ በሚል ዓላማ፣ ከየአገሩ ሙስሊሞች ባዋጡት ገንዘብም ጭምር የተሠራ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ፤ የድንጋይ ከሰልም እንደልብ አልገኝ አለ። ባቡሮቹ እንጨት ማንደድ ጀመሩ። በደቡብ ዮርዳኖስ ከዑነይዛ ጣቢያ ተነሥቶ በሾበክ አቅራቢያ ወዳለው የኦክ ደን የሚገባ ቅርንጫፍ ሐዲድ ለዚሁ ሲባል ተዘረጋ። ዘመናት ያበቀሉት ደን በጥቂት የጦርነት ዓመታት ምድጃ ውስጥ ገባ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሐዲዱ ሲጀመር የነበረው ኒያ መልካም ነበር። ችግሩ የመጣው የአጭር ጊዜ ችግርን በማይተካ ሀብት ለመሸፈን በተሞከረ ጊዜ ነው። ባቡሩም ብዙ አልቆየም፤ ደኑም አልተመለሰም።

ዐጅሉንም ከፈተና አላመለጠም። የነዳጅ ዋጋ በጨመረና ክረምቱ በከበደ ጊዜ ቤት ለማሞቅ በሕገ ወጥ መንገድ የሚቆረጠው እንጨት ይበዛል። በበጋ እሳት አለ። እ.ኤ.አ በ2011 ደግሞ በዚያው በዐጅሉን ክፍለ ሀገር በሚገኘው በቢርቂሽ ደን ውስጥ ለወታደራዊ አካዳሚ ግንባታ ዛፎች ሊቆረጡ መሆኑ ሲሰማ፣ ዜጎችና የተፈጥሮ ተቆርቋሪዎች ወደ ደኑ እየሄዱ ተቃውሟቸውን አሰሙ። ጉዳዩ የአገር ወሬ እስኪሆን ድረስ አልተዉትም።

ከዚያ ቀደም ብሎ በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ በ1966 የተቋቋመው የዮርዳኖስ የተፈጥሮ ጥበቃ ንጉሣዊ ማኅበር 12 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን ደን በጥብቅ ክልልነት ይዞ ነበር። ከአካባቢው ጠፍታ የነበረችው ትንሿ የደን አጋዘን በአጥር ውስጥ ተራብታ እንድትመለስ ተደረገ። እኛን ይበልጥ የሚመለከተን ግን ለመንደሮቹ የተደረገው ነገር ነው። በዑርጃን ሴቶች ከወይራ ዘይት ሳሙና የሚሠሩበት ቤት ተከፈተ፤ ብስኩት የሚጋገርበትም እንዲሁ። በራሶን የዐረብኛ የቁም ጽሑፍ ጥበብ ለእንግዶች የሚታይበት ቤት አለ። በመንደሮቹ መካከል በምንጮቹ ስም «አል-ዑዩን» የተባለ የእግር መንገድ ተዘርግቶ፣ እንግዳ በደኑ ውስጥ ሲጓዝ ውሎ ከመንደሩ ቤተሰብ ማዕድ ይቀርባል። በዚህ መንገድ ደኑ ቆሞ እያለ ለሰው እንጀራ መሆን ጀመረ። ሰው ሆዱ ባዶ ሆኖ «ደን ጠብቅ» ቢባል አይሰማም። ደኑ ለልጆቹ የሚበሉትን ሲያስገኝ ግን ዘበኛ ሳይቀጠርለት ራሱ ይጠብቀዋል።

፫. ዛፍ በዲናችን

ለሙስሊም ዛፍ ዝም ብሎ የቆመ እንጨት አይደለም። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ረሕማን (55፡6) ዛፎች ለእሱ ሱጁድ እንደሚያደርጉ ይነግረናል። በሱረቱል አዕራፍ (7፡56) ምድር ከተበጀች በኋላ በውስጧ እንዳናበላሽ ይከለክለናል። በሱረቱ ሩም (30፡41) ደግሞ በየብስና በባሕር የሚታየው ብልሽት የሰው እጅ ሥራ መሆኑን፣ የምንቀምሰውም እንድንመለስ መሆኑን ያስታውሰናል።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ደግሞ ነገሩን ወደ ዕለት ሥራችን አውርደውታል። ቡኻሪና ሙስሊም ከአነስ (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲስ ሙስሊም ከተከለው ወይም ከዘራው ነገር ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላ ለተካዩ ሶደቃ እንደሚጻፍለት ተናግረዋል። ልብ እንበል፤ ወፉ አመስጋኝ አይደለም፤ ተካዩም ወፉን አያውቀውም። ምንዳው ግን ይጻፋል። ኢማም አሕመድ በዘገቡት ሌላ ሐዲስ ደግሞ በእጁ ችግኝ የያዘ ሰው ቂያማ ቢቆምበት እንኳን መትከል ከቻለ እንዲተክላት አዝዘዋል። የዚያችን ችግኝ ጥላ ማንም አያርፍበትም። ስለዚህ መትከል ኢባዳ የሚሆነው ውጤቱን ስላየን ብቻ አይደለም።

በመቁረጥ በኩልም ማስጠንቀቂያ አለ። አቡ ዳውድ የሲድር ዛፍ የሚቆርጥን ሰው ብርቱ ቅጣት እንደሚጠብቀው የሚናገር ሐዲስ ዘግበዋል። ስለ ትርጉሙ ሲጠየቁም፣ መንገደኛና እንስሳ የሚጠለልበትን የምድረ በዳ ዛፍ ያለ አግባብና ያለ መብት የሚቆርጥ ሰው ማለት ነው ብለው አብራርተዋል። ይህ ማብራሪያ ሁለት ነገር ያስተምረናል። አንደኛ፣ ዛፍ መቁረጥ ሁሉ ሐራም አይደለም፤ ለሚያስፈልግ ነገር በመብት የሚቆረጥ አለ። ሁለተኛ፣ የጥፋቱ ክብደት የሚለካው ዛፉ በሚያገለግላቸው ፍጡራን ነው። ማረፊያ ሌላ በሌለበት የቆመ አንድ ዛፍ፣ በዛፍ መካከል ካለ አንድ ዛፍ ይለያል።

፬. ሒማ፦ ለሁሉም ሲባል የተከለለ መሬት

ከእስልምና በፊት በዐረቢያ አንድ ጉልበተኛ አለቃ ለምለም መሬት ሲያገኝ ውሻውን ከፍ ባለ ቦታ ያስጮኽ ነበር። ጩኸቱ እስከተሰማበት ድረስ ያለው መሬት ሁሉ ለእሱ ከብት ብቻ ይከለላል። በሌላው ግጦሽ ላይ ግን ከሰው ጋር እኩል ይጋራል። ይህን ልማድ ኢማሙ ሻፊዒይ ጠቅሰውታል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሻሩ። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ሒማ የሚባለው ክልል የአላህና የመልእክተኛው ብቻ መሆኑን ተናገሩ። ይህም ማለት ለግለሰብ ጥቅም መከለል ቀረ፤ ለሕዝብ ጥቅም መከለል ግን ቀጠለ። እሳቸው አን-ነቂዕ የተባለውን ቦታ ለፈረሶች ከለሉ። የመዲናን ዙሪያም ዛፉ የማይቆረጥበት፣ አውሬው የማይታደንበት ሐረም አደረጉት።

ዑመር (ረ.ዐ) በኸሊፋነታቸው ዘመን ሸረፍንና ረበዛን ከለሉ። ለአንዱ ክልል ጠባቂ አድርገው ሁነይ የተባለ አገልጋያቸውን ሲሾሙ የሰጡት መመሪያ በቡኻሪ ተዘግቧል። ፍሬ ሐሳቡ ይህ ነው፦ ለሰዎች ገር ሁን፤ የተበዳይን ዱዓ ፍራ። ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን ድሃ አስገባው። የዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍንና የዑስማን ኢብኑ ዐፋንን ከብቶች ግን ተጠንቀቅ። የእነሱ ከብት ቢያልቅ ወደ ተምር እርሻቸው ይመለሳሉ፤ የድሃው ቢያልቅ ግን ልጆቹን ይዞ እኔ ዘንድ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ወርቅና ብር ከመስጠት ዛሬ ውኃና ሣር መስጠት ይቀለኛል አሉ።

ወንድሞችና እህቶች፣ ዐብዱረሕማንና ዑስማን (ረ.ዐ) ጀነት የተበሰሩ ታላላቅ ሶሓቦች ናቸው። ዑመር ስማቸውን የጠሩት ሊነቅፏቸው አይደለም። የተከለለ መሬት ፍትሕ ከሌለበት ወዲያው የባለጸጋ መሬት እንደሚሆን ስላወቁ ነው። ዛሬ አንድ ደን «ሲጠበቅ» ጠይቁ፤ ማገዶ የሚለቅመውን ድሃ ከልክሎ ለነጋዴ የጭነት መኪና በሩን የሚከፍት ከሆነ፣ የሁነይ መመሪያ ተገልብጧል ማለት ነው።

ይህ የድሮ ሥርዓት በመጽሐፍ ብቻ የቀረ አይደለም። በሊባኖስ የተፈጥሮ ጥበቃ ባለሙያዎች ከ2004 እ.ኤ.አ ጀምሮ ሒማን በስሙ ጠርተው ከመንደር አስተዳደሮች ጋር መልሰው አቋቁመዋል። በዮርዳኖስም በዘርቃ አካባቢ የመንደር ማኅበረሰብ የግጦሽ መሬቱን በሒማ ደንብ እንዲያሳርፍ ተደርጎ የጠፉ ሣሮች ተመልሰዋል። ሰዎቹ አዲስ ትምህርት አላስፈለጋቸውም፤ ቃሉን ከአያቶቻቸው ያውቁታል።

፭. ማክበርና ማምለክ ይለያያሉ

አሁን ወደ ከባዱ ነጥብ እንምጣ። «ሰው ዛፉ ሥር ይለማመናል» የተባለው እውነት ከሆነ ቀላል ነገር አይደለም። ቲርሚዚ እንደዘገቡት ወደ ሑነይን ሲጓዙ አዲስ የሰለሙ ሰዎች፣ ሙሽሪኮች መሣሪያቸውን የሚሰቅሉበት «ዛቱ አንዋጥ» የሚባል ዛፍ ሲያዩ «ለእኛም እንዲህ ያለ አድርጉልን» ብለው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቁ። እሳቸውም ይህ በኒ እስራኤሎች ሙሳን (ዐ.ሰ) አምላክ አድርግልን ብለው ከጠየቁት ጋር አንድ መሆኑን በግልጽ ነገሯቸው። ከዛፍ በረካ መጠየቅ ለሙስሊም የተዘጋ በር ነው።

ወጣቶቹ የሚጠቅሱት ሌላም ዘገባ አለ። ዑመር (ረ.ዐ) የሪድዋን ቃል ኪዳን ተገባበት ተብሎ ሰው ይሰግድበት የነበረን ዛፍ አስቆርጠዋል ይባላል። በቡኻሪ ደግሞ ቃል ከገቡት ሶሓቦች አንዱ የሆኑት የሰዒድ ኢብኑል ሙሰየብ አባት በቀጣዩ ዓመት ሲመለሱ የዛፉ ቦታ እንደጠፋባቸው ተዘግቧል። የመጀመሪያውን ዘገባ ብንወስድ እንኳን ሦስት ነገር ልብ እንበል። የተቆረጠው አንድ ዛፍ እንጂ ደን አልነበረም። ያስቆረጠው የሙስሊሞች መሪ እንጂ በመንደር የተነሣ ቡድን አልነበረም። እንጨቱም ለነጋዴ ተሸጦ ገንዘብ አልተከፋፈለም። ለተውሒድ ብሎ የሚቆርጥ ሰው የመቶ ዛፍ ዋጋ ሲደራደር ከተገኘ ኒያውን ደግሞ ይመርምር።

ከዛቱ አንዋጥ ሐዲስ የምንማረው ሌላም ነገር አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያቀኑት የሰዎቹን ልብ ነው። አንዲት እናት ከወይራው ሥር ጨሌ ይዛ የምትለማመነው ዛፉ ስላለ አይደለም፤ ማን እንደሚሰማት ስላልተማረች ነው። ዛፉ ቢቆረጥ ወደ ድንጋዩ ትሄዳለች። አጠገቧ ተቀምጦ በአክብሮት «እማማ፣ ዱዓው ያለ አማላጅ ይደርሳል» የሚላት ልጅ ግን ሁለቱንም ያድናል፤ እሷንም ዛፉንም። ይህን የምናደርገው ደግሞ ሽማግሌዎቻችንን በማዋረድና መንደሩን ለሁለት በመክፈል መሆን የለበትም።

፮. ወደ ወንድማችን ጥያቄ

ፈትዋ የሚሰጡት ዑለማዎች ናቸው፤ የአካባቢህን ሼኾች መጠየቅ ግዴታህ ነው። እኛ የምንሰጥህ ወደ ስብሰባው ይዘህ የምትገባውን ሐሳብ ነው።

መጀመሪያ፣ «ደኑ የማን ነው?» ብለህ ጠይቅ። ለመቃብር የተተወ መሬት ብዙ ጊዜ ወቅፍ ነው። የወቅፍ መሠረት የዑመር (ረ.ዐ) የኸይበር መሬት ታሪክ ነው። ከያዙት ሀብት ሁሉ የተሻለውን መሬት አግኝተው ምን ላድርገው ብለው ሲጠይቁ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዋናውን አቆይተው ፍሬውን ሶደቃ እንዲያደርጉት መከሯቸው። ዋናው አይሸጥም፣ አይወረስም፣ አይሰጥም። ይህን በደኑ ላይ አስቀምጠው። የቆመው ደን ዋናው ነው፤ የወደቀው ቅርንጫፍ፣ የደረቀው ግንድ፣ የቀፎው ማር፣ ከዘሩ የሚፈላው ችግኝ ፍሬው ነው። ነጋዴው ሊገዛ የመጣው ፍሬውን አይደለም፤ ዋናውን ነው። በዚያ መቃብር ያረፉት አያቶችም፣ ገና ያልተወለዱትም በስብሰባው ላይ ድምፅ የላቸውም።

ሁለተኛ፣ የሒሳቡን ነገር አንሣ። የቆርቆሮ ጣሪያ ከጊዜ በኋላ ዝጎ ሌላ ይፈልጋል። ጽድና ወይራ ደግሞ ለአካለ መጠን የሚደርሱት በሰው ዕድሜ ልክ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ሁለተኛው ጣሪያ ሲያስፈልግ ሁለተኛ ደን አይኖርም።

ሦስተኛ፣ የመድረሳውን ችግር አታናንቅ። ጣሪያው የሚያፈስሰው እውነት ነው፤ ልጆቹ በዝናብ የሚቀሩት እውነት ነው። «ደኑን ተዉት» ብቻ ብለህ ከመጣህ ለልጆቹ ግድ የሌለው የከተማ ተማሪ ትመስላለህ። መፍትሔ ይዘህ ግባ። ለወራጅና ለማገር የሚሆነው በየጓሮው የሚተከለው ባሕር ዛፍ ነው፤ በጥቂት ዓመታት ይደርሳል፤ ሲቆረጥም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። እያንዳንዱ ቤተሰብ ሁለት ሁለት አጣና ቢያዋጣ እንጨቱ ይሞላል። የሚቀረው ቆርቆሮና ምስማር ነው። ለእሱም እኛ በጀማዓው ስም ለሶደቀቱል ጃሪያ መዋጮ እናሰባስባለን፤ ከመንደሩ ወጥተው በከተማና በዐረብ አገር የሚሠሩትን ልጆችም ጠይቁ። ሰው ላደገበት መድረሳ ሲጠየቅ እምቢ አይልም።

አራተኛ፣ ለሽማግሌዎቹም የምትለው አለ። «እኛ በሕይወት እያለን አይነካም» ማለታቸው ደኑን እዚህ አድርሶታል፤ አላህ ይመንዳቸው። ነገር ግን ወደ ደኑ ገብተህ ወደ ታች ተመልከት። ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ቡቃያ አለ? ፍየልና ከብት ገብቶ ቡቃያውን የሚበላ ከሆነ የቆሙት ሽማግሌ ዛፎች ብቻ ናቸው ማለት ነው። ልጅ የሌለበት መንደር ቢያምርም እየሞተ ነው። ስለዚህ «አይቆረጥም» የሚለው ደንብ ላይ «አይገጥበትም» የሚለውን፣ ቢያንስ በየተራው ለተከለለ ክፍል፣ መጨመር ያስፈልጋል። ሣሩን ግን አጭዶ መውሰድ ይቻላል፤ እሱም በሁነይ መመሪያ መጀመሪያ ጥቂት ከብት ላላቸው።

አምስተኛ፣ የመንግሥትን ሕግ እወቅ። በ2010 ዓ.ም የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 የማኅበረሰብን የደን ባለቤትነት ያውቃል። ወደ ወረዳው የደን ባለሙያ ሄዶ ደኑን በመንደሩ ስም ማስመዝገብ ለነገ ስብሰባም ይጠቅማል። ሌላ ነጋዴ ሲመጣ መልሱ በአንድ ሽማግሌ ዕድሜ ላይ አይንጠለጠልም።

፯. እኛስ በዚህ ሴሚስተር ምን እናድርግ?

ዐጅሉን ዛሬ የሚኮሩበት ደን የተረፈው አንድ ቀን በተደረገ ዘመቻ አይደለም። እኛም በዓመት አንድ ቀን ችግኝ ተክለን ፎቶ ተነሥተን ስንመለስ ሥራው ያለቀ ይመስለናል። ስለዚህ የሚከተሉትን ሐሳብ አቅርበናል፦

• እያንዳንዳችን ለረመዷን ስንገባ በቀበሌያችን ያለውን የቆየ ደን ወይም የመቃብር ዛፍ እንጎብኝ። የዛፎቹን የአገር ቤት ስም ከሽማግሌዎች ጠይቀን እንጻፍ። ስሙን የማናውቀውን ነገር አንጠብቀውም።

• ጤናማ ከሆኑ እናት ዛፎች ዘር ሰብስበን እናምጣ። የእፅዋት ሳይንስና የደን ተማሪዎች የሆናችሁ ወንድሞችና እህቶች ችግኝ ማፍላቱን ምሩን።

• የተከልነውን እንቁጠር። ከክረምቱ በኋላ ስንቱ ተረፈ? ተከልን ከማለት «ይህን ያህል ጸደቀ» ማለት ይበልጣል። ለእያንዳንዱ ችግኝ ሁለት ተማሪ ይመደብ፤ አንዱ ቢመረቅ አንዱ ይቀራል።

• በውዱእ ቦታችን የሚፈስሰውን ውኃ ወደ ችግኞቹ የሚወስድ ቦይ እንቆፍር። ውኃ ማባከን በወራጅ ወንዝ ዳር እንኳን የተጠላ ነው፤ እኛ ጋ ግን በየቀኑ አምስት ጊዜ ወደ ቱቦ ይገባል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችሁ ከተከለለው መሬት የሚጠቀመው ማነው? ዑመር (ረ.ዐ) ለሁነይ በሰጡት መመሪያ ብትመዝኑት ምን ይጎድለዋል?

2. «ዋናውን አቆይ፣ ፍሬውን ስጥ» የሚለውን መርህ ከደን ሌላ በየትኛው የጋራ ንብረታችን ላይ ልንሠራበት እንችላለን?

3. ከዛፍ ሥር የምትለማመን ዘመዳችሁን ሳታስከፉ ወደ ተውሒድ የምታስተምሩት እንዴት ነው? በቡድናችሁ ውስጥ አንዱ እንደ እናት፣ አንዱ እንደ ልጅ ሆናችሁ ተነጋገሩ።

4. የመድረሳው ጣሪያና ደኑ በእርግጥ ተቃራኒዎች ናቸው? ወይስ ተቃራኒ ያደረጋቸው የነጋዴው መምጣት ነው?

የጠየቀን ወንድማችን በቅርቡ ወደ አገር ቤት ይሄዳል። ስብሰባው በምን እንደሚያልቅ አናውቅም፤ የመጨረሻውን ቃል የሚናገሩትም የመንደሩ ሰዎች ናቸው። እኛ ግን ባዶ እጁን አንልከውም። ለጣሪያው የሚሆን መዋጮ ለማሰባሰብ ከጁሙዓ በኋላ በመስጂዱ በር ላይ ሳጥን ይቀመጣል። ቢያንስ የአንድ ቆርቆሮ ዋጋ ያቅማችሁን ያህል ተጋሩ። ምናልባት አንዱ ሳንቲማችን ከላይ ልጆችን ከዝናብ፣ ከታች ደግሞ አንድ ደን ከመጥረቢያ የሚያድን ይሆናል።

አላህ (ሱ.ወ) ምድርን ከሚያበጁት እንጂ ከሚያበላሹት አያድርገን። አያቶቻችን ጠብቀው ያቆዩልንን ለልጆቻችን የምናስረክብ ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ